ከበረዶው ማዶ ሁለት መብራት

ባሌ አይፒሊክና ታናሽ ወንድሜ ኡያራሱክ ለአደን ወደ በረዶው ጠርዝ በወጡ ማግሥት ነፋሱ ዞረና የባሕሩን በረዶ ከዳር ገምሶ ይዞት ሄደ። እነሱንም አብሮ። አይፒሊክን አትሂድ ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ካንቺ ምክር የውሻዬ ይሻለኛል ብሎ ስቆብኝ ወጣ። እኔ ደግሞ ያናደደኝን ሰው አልረሳም። ሲመለስ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የምጠብቀው።

እኛ ዘንድ አዳኝ ሲዘገይ ኮረብታው ላይ ሁለት እሳት ጎን ለጎን ይነዳል። አንድ ብቻ ከሆነ ኮከብ ሊመስል ይችላል፤ ሁለት ጎን ለጎን ካየህ ግን ቤትህ ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔና አማቴ፣ የአይፒሊክ እናት፣ ሁለት በርሜል ውስጥ የዓሣ ነባሪ ስብ እየጨመርን እሳቱን ስናነድ ሰነበትን። ዓይኔ ያለቅሳል። ለጠየቀኝ ሁሉ ጢሱ ነው እላለሁ።

ከነዚያ ቀናት አንዱ ደግሞ ወራት ከዘለቀው ጨለማ በኋላ ፀሐይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የምትልበት ነበር። ጨረቃ ፀሐይን ይሸፍናታል ብሎ ሬዲዮው ሲለፈልፍ ሰንብቷል። ማን ልብ ሊለው! አማቴ ብቻ፣ ጨረቃ እኅቱን ፀሐይን ሲያሳድዳት ኖሮ ዛሬ ሊይዛት ነው፣ ደግ ነገር አይደለም እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

ቀትር ላይ ሰማዩ ሊፈካ ሲገባው ጭራሽ ደፈረሰ። ዝገት የመሰለ ቀለም በረዶው ላይ ወረደ። በየደጁ ታስረው ሲያላዝኑ የዋሉት ውሾች በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ከዚያ በደቡብ በኩል፣ በረዶውና ሰማዩ የሚገጥሙበት ላይ፣ አንድ ቀይ መብራት ብቅ አለ። ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሌላ ተከተለ።

ለሁለት ሰው ሁለት መብራት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እየሳቅኩ፣ ክንዴን እያወናጨፍኩ፣ “ና! አይፒሊክ፣ ና! ቀጥ ብለህ ና!” እያልኩ ጮኽኩ፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት እንደማይሰማኝ እያወቅኩ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ ወጣ። አንዱ የበረዶ ሞተሩን ሊያስነሳ ሮጠ።

መብራቶቹ ግን አልቀረቡም። አንዱ ሌላውን ሳይቀድም፣ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ሳይዛነፍ፣ ጎን ለጎን ወደ ምዕራብ ተንሸራተቱ። ሰው እንደዚያ አይሄድም። አማቴ እጄን ያዙኝ።

“ተይ ኩብሉ፣ ተይ ልጄ” አሉኝ። “ፀሐይ ናት። ጨረቃ መሐሏን በልቶ ሁለቱን ጫፍ ነው የተወልን።”

እኔ ግን ተቆጣኋቸው። ልጅዎ ሲመጣ ደስ አይልዎትም ወይ፣ ምን ዓይነት እናት ነዎት አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁኝም። አንዱ መብራት ጠለቀ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ፀሐይ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አልታየችም። ውሾቹ እንደገና ማላዘን ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ዓይኔን እየሸሸ ወደየቤቱ ገባ።

ነፋሱ ተመልሶ በረዶውን ወደ ዳር ሲገፋው ፈላጊዎቹ ወንድሜን አገኙት። ብቻውን ነበር። ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ነፍሱ ግን አለች። ቤቴ አስተኝቼ መረቅ አጠጣው ጀመር። ስለ አይፒሊክ ልጠይቀው ፈራሁ፤ እሱም ዓይኑን ከግድግዳው አይነቅልም። በመጨረሻ አላስችል አለኝና ጠየቅኩት።

በረዶው ጭጋግ ውስጥ ሲያሽከረክራቸው ሰንብቶ የትኛው የመሬት፣ የትኛው የባሕር አቅጣጫ እንደሆነ ጠፍቷቸው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ ጭጋጉ ተገፈፈ፣ ሰማዩም ደፈረሰና ከሩቅ ሁለት እሳት ጎን ለጎን ታያቸው። በእነሱና በእሳቱ መሐል ያለው በረዶ ገና የረጋ፣ ስስ ነው። ኡያራሱክ እንጠብቅ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም ብሎ ለመነው።

“እሱ ምን አለህ?” አልኩት።

“እትዬ፣ ይቅርብሽ።”

“ንገረኝ አልኩህ።”

“ሳቀ” አለኝ ወንድሜ። “‘ኩብሉ ናት፤ ና እያለችኝ ነው፣ አይሰማህም?’ አለና ወደ እሳቱ ሮጠ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም፣ እትዬ።”