የሲስተር የኔነሽ ሃምሳኛ ጥይት

የስድሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ባዶ ጠመንጃ ደግኖ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ላይ «ቀጭ» ሲያደርግ መታየቱ የሚያስከብር ነገር አይደለም። ሆኖም ያለፉትን ሁለት ዓመታት የተለማመድሁት እንዲህ ነው። ለውድድር ከቆጠብኋት በቀር የሚተኮስ አልነበረማ።

ዒላማ ተኩስ የሚወድ ጡረተኛ የተዘጋጀ ጥይት ከሱቅ አይገዛም። የተኮሰበትን ቀልሃ ለቅሞ፣ አጽድቶ፣ ራሱ መልሶ ይሞላዋል። ለዚህም ቀልሃው፣ አረሩና ባሩዱ ያስፈልጉታል፤ ከሁሉም በላይ ግን ከቀልሃው መቀመጫ የምትገባውና ባሩዱን የምታቀጣጥለው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ፣ ፕራይመር የምትባል ቆብ ታስፈልገዋለች። ቀልሃና አረር ምድር ቤቴ ሞልቷል። ባሩድም ቢሆን ብርቅ ሆኖ ነበር፤ ዙበይር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ አንዲት ቆርቆሮ አምጥቶልን ለሦስት ተካፈልናት። ፕራይመር ግን እንደ ጉም በነነ።

ሦስት ያልሁት እኔን፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩን ዙበይርንና ሲስተር የኔነሽን ነው። የኔነሽ ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግላለች፤ የምትተኩሰውም መርፌ እንደምትወጋ ነው፦ ትንፋሿን ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትሳሳት። በተኩስ ክለባችን ዓመታዊ ውድድር ስድስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋኛለች፤ አንዴ በአሥራ ሁለት ነጥብ፣ አንዴ በአንድ። ባሸነፈች ቁጥር ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋ «አይዞዎት ጋሼ፣ አያምም» ትለኛለች። ያማል።

ባለፈው መስከረም ልጇ ጸዮን ካልጋሪ ላይ መንታ ወለደችና የኔነሽ ጠቅልላ ልትሄድ ሆነ። ውድድሩ ቅዳሜ፣ በረራዋ ሰኞ። ውድድሩ ስድሳ ጥይት ይጠይቃል። እሷን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለማሸነፍ አንድ ቅዳሜ ቀረኝ፤ በእጄ ግን አንዲት ፕራይመር አልነበረችም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ዙበይር ነው።

«ጋሼ፣ ይነሡ! ፕራይመር ገብቷል! ሾፑ ውስጥ ያለ ጓደኛዬ አሁን ቴክስት አደረገልኝ!»

«ስንት ይሸጣሉ?»

«ለአንድ ሰው አንድ ፓኬት፣ መቶ ፍሬ። ጫማዎትን መኪና ውስጥ ያስራሉ፤ በር ላይ ነኝ!»

ቤቴ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኤግሊንተን ዌስት የሚባል ሰፈር ነው። ሰፈራችን ለዓመታት ሲቆፈር ሲደፈን ስለኖረ፣ ዙበይር የትኛው ጓሮ ከየትኛው ጓሮ እንደሚገናኝ ከካርታ በላይ ያውቃል። አንዱን ጠባብ መንገድ ወደ ኋላ እየነዳ ወጣና የኔነሽ ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ደረስን። የኔነሽ በነጠላ ጫማ፣ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እንደ አምባር አንጓዋ ላይ አጥልቃ፣ ከፎቁ በር ላይ ስትንቆራጠጥ አገኘናት።

«ዙቤ፣ ቀይ ነው! ቀይ መብራት ነው!» ትጮኻለች ገና ከመግባቷ።

«ቢጫ ነበር፣ ሲስተር። እኔን ሲያይ ነው ደም የመሰለው።»

«ይህን አውቶቡስ ላይም ታደርገዋለህ?»

«አውቶቡስማ ተሳፋሪ አለበት።»

«እኛስ ምንድን ነን?»

«እናንተማ ዕቃ ናችሁ!»

ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው ሱቅ ስንደርስ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ወረፋችን ደርሶ ባንኮኒው ጋ ስንቀርብ ሦስት ፓኬት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፓኬት! የኔነሽ ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጠችው። የጦር መሣሪያ ፈቃዳችንን አሳየን፤ ቀይ ጢም ያለው ወጣት ሻጭም ፓኬቶቹን ደረደረልን። ከበላዩ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ፦ ለአንድ ገዢ አንድ ፓኬት፤ ለሌላ ሰው መግዛት ክልክል ነው። አንብቤው ሳለሁ፣ አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማርሁ ሰው፣ ካርዴን መዝዤ «የሦስታችንንም በዚህ» አልሁ።

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አለች የኔነሽ እጄን አፈፍ አድርጋ። «እኔ እያለሁ? በሞቴ፣ ጋሼ!»

«እጅሽን አንሺ።»

«አላነሣም። የስንብቴ ነው!»

«ለተሰናባች ይከፈልለታል እንጂ ተሰናባች አይከፍልም። ደንብ ነው።»

«የትኛው ደንብ? የት ተጽፎ?»

እኔ የእሷን ካርድ ወደ ቦርሳዋ ልመልስ፣ እሷ የእኔን ወደ ኪሴ ልትከት ስንታገል፣ ከብብታችን ሥር አንድ እጅ ሾልኮ ወጣ፤ ማሽኑም ጢጥ አለ።

«አለቀ። ተከፍሏል» አለ ዙበይር፣ ጎል እንዳገባ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

ሻጩ ሦስታችንንም በተራ አየን። «ጌታዬ፣ የሦስቱም ፓኬት ገዢ እርስዎ ነዎት?»

«አዎን!» አለ ዙበይር በኩራት። «እነሱማ ምንም አይከፍሉም!»

ወጣቱ በአንድ ጣቱ ማስታወቂያውን አሳየን፤ የሁለቱን ፓኬት ዋጋ መለሰ፤ ሁለቱንም ወደ ራሱ ሳበ። የየራሳችን መሆኑን አስረዳን፣ ማልን፣ ለመንን። በሀገራችን ልማድ ሒሳብ ለመክፈል መታገል ክብር እንደሆነ በሁለት ቋንቋ አብራራሁ። ወጣቱ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ከዚያም «ቀጣይ!» አለ። ከኋላችን የነበረው ባለኮፍያ አንዱን ፓኬት፣ ከእሱ ቀጥላ የቆመችው ሴት ሌላውን ይዘው ሄዱ።

መኪናው አጠገብ አንዲቷን ፓኬት ኮፈኑ ላይ አስቀምጠን ተያየን። መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው የኔነሽ ናት። ከዚያ ዙበይር። እኔ በአደባባይ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ ግን መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን እስክጠርግ ድረስ ሳቅሁ።

«በቃ፣ እኔ ተመልካች ነኝ» አለ ዙበይር ትንፋሽ ሲያገኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃምሳ ሃምሳ ተካፈሉ።»

አንድ ተኩስ ቢበዛ አሥር ነጥብ ያስገኛል፤ ያልተተኮሰ ጥይት ግን ዜሮ ስለሚቆጠር፣ በሃምሳ ጥይት ከክለቡ ሁሉ ጭራ እንደምንሆን ግልጽ ነበር። ግድ አልሰጠንም። የእኔ ውድድር ከእሷ ጋር ነው፤ ለዚያ ሃምሳ ይበቃል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቴ ተሰብስበን መሙላት ጀመርን። ባሩዱን እኔ በሚዛን እለካለሁ፣ የኔነሽ ፕራይመሮቹን ትደረድራለች፣ ዙበይር ደግሞ እንዳይነካ በተነገረው ነገር ሁሉ ላይ ያንዣብባል። ስለ አንድ ተሳፋሪና ስለ ዶሮው ያወራን ጀመር፤ ዶሮውን ለማሳየት ክንዱን ሲያርገፈግፍ ክርኑ ትሪውን መታው። ፕራይመሮቹ ወለሉ ላይ እንደ ጤፍ ተበተኑ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በጉልበታችን ተንበርክከን፣ በስልክ መብራት እየፈለግን፣ አንድ በአንድ ለቀምናቸው። ዘጠና ዘጠኝ ሆኑ። ማሞቂያው ሥር፣ ምንጣፉ ሥር፣ ዙበይር ጫማ ውስጥ ሳይቀር ፈለግን። መቶኛዋ የለችም።

«ግድ የለም» አለች የኔነሽ። «አርባ ዘጠኙ ለእኔ ይሁን። አንዷን ለጋሼ ቦነስ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ያስፈልጋቸዋል።»

«እኔ ቦነስ አልቀበልም!»

«ይቀበላሉ እንጂ። አያምም።»

ዓርብ ጠዋት ሱሪዬን ለመተኮስ ስዘረጋው፣ ከታችኛው እጥፋት አንዲት ነገር የካውያ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለች። መቶኛዋ! ብቻዬን «እልል!» አልሁ። ከዚያ ግን ተቀመጥሁ። እሷ አርባ ዘጠኝ አላት፤ እኔ ሃምሳ። ማንም አያውቅም። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ፣ በመጨረሻ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ፤ በእሷ ጠመንጃ ልክ፣ በእሷ የባሩድ መጠን አንድ ጥይት ሞላሁ፣ በሸሚዜም ኪስ ከተትሁት። ጠዋት እሰጣታለሁ አልሁ። ጠዋት ሰላም ስትለኝ፣ ምንጣፋችንን ስናነጥፍ እሰጣታለሁ አልሁ። አልሰጠኋትም።

ቅዳሜ ጎን ለጎን ተኛን። ሰባ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶናል። ሌሎቹ ስድሳውን ሲያራግፉ እኛ ግን እያንዳንዷን ጥይት እንደ መጨረሻ ጉርሻ እያጣጣምን ተኮስን። ዙበይር ከኋላችን በርቀት ማያ መነጽር ዒላማችንን እያየ ነጥባችንን ይይዛል። ሃምሳኛዬን ተኩሼ ሳበቃ የእሷም አርባ ዘጠኝ አልቆ ነበር።

«ጋሼ አራት መቶ ሰባ አንድ! ሲስተር አራት መቶ ስድሳ ሦስት!» አለ ዙበይር።

በስምንት እመራለሁ። አንድ ተኩስ ብትጨምርና ዘጠኝ ብትመታ ታሸንፈኛለች፤ እሷ ደግሞ ከዘጠኝ በታች የምትመታው ስታስነጥስ ብቻ ነው። ከተሰጠን ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቀርቷል። ኪሴ ደረቴን ፈጀኝ። ጥይቷን አወጣሁና ምንጣፏ ላይ አስቀመጥሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የጠፋችው። ሱሪዬ ውስጥ ነበረች። ያንቺ ናት፤ ተኩሺ።»

ጥይቷን አየች፤ እኔን አየች። «ለእርስዎ ሰጥቼዎት የለ? እርስዎ ይተኩሱ።»

«የእኔ ሃምሳ ነው፣ አልቋል። ተኩሺ እንጂ!»

«በሞቴ!»

«አይሆንም! ባንቺ ጠመንጃ ልክ ነው የሞላኋት!»

«እንግዲያው በእኔ ጠመንጃ ይተኩሱ!»

ሁለታችንም የጆሮ መከለያ አድርገናል፤ የምናንሾካሽክ ይመስለን ነበር እንጂ ሜዳውን ሞልተን ነበር የምንጮኸው። ጥይቷ ከእሷ ምንጣፍ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ተመላለሰች።

«ወገኖች፣ ተኩሱ!» ይላል ዙበይር ራሱን ይዞ። «አንዳችሁ ተኩሱ! ወይ እኔ ልምጣ?»

«አንተ ዝም በል፣ ከፋይ!» አልነው ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ፊሽካው ተነፋ። የሜዳው ኃላፊ ቀይ ባንዲራውን አነሣ። ተኩስ አበቃ፤ ጥይቷም በሁለታችን ምንጣፎች መካከል ሳሩ ላይ እንደ ተጋደመች ቀረች።

የኔነሽ ጥይቷን ትክ ብላ አየቻት። «አሸነፉኝ እኮ» አለች።

ከሠላሳ ተወዳዳሪ እኔ ሃያ ዘጠነኛ፣ እሷ ሠላሳኛ ወጣን። ምንጣፌን ጠቅልዬ ተነሣሁ፤ ልብሴን አራገፍሁ፤ ስድስት ዓመት የተለማመድሁትን እጅ ዘርግቼ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረግሁ።

«አይዞሽ ሲስተር» አልኋት። «አያምም።»

ሳቋ ከዒላማው ኮረብታ ተመልሶ መጣ። ዙበይርም በሳቅ ሳሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ጥይቷ አሁን ከጠመንጃዬ ጋር በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ስሟ በተጻፈባት ትንሽ ፖስታ ናት። የኔነሽ በየሳምንቱ እሑድ ከካልጋሪ ትደውላለች፤ ከኋላዋ መንታዎቹ በሁለት ድምፅ ያለቅሳሉ።

«ጥይቴ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። በበጋ መጥተሽ ትተኩሻታለሽ።»

«ዘጠኝ ብመታስ?»

«ያኔ እናያለን» እላትና ስልኩን አስቀምጬ ምንጣፌ ላይ እተኛለሁ። የምስር ፍሬ የምታህለዋ ነጥብ አሁንም ግድግዳው ላይ አለች።