ሳይተረጎም የቀረው

«ሐኪሙ ‹ምንም የለባትም› አላለም» አለ ተክለማርያም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ። «‹አላውቅም› ነው ያለው።»

ደበላ ከሚስቱ ቀብር ወዲህ ከተቀመጠበት አጎዛ ላይ ቀና አለ። ኮልፌ ያለችውን ትንሽ ቤቱን የሞሏት ለቀስተኞች ወደ ተክለማርያም ዞሩ። ሰውየውን ያውቁታል፤ ለጣሊያኑ ሐኪም የሚያስተረጉመው እሱ ነው።

ሚስቱ ተሻለች የታመመችው ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ወንድሟን ከነቤቱ አቃጠሉት። ከአመድ ውስጥ ለቅማ በቀበረችው በሳምንቱ እግሯ ከዳት። አላበጠም፣ አልቆሰለም፤ እንዲሁ አልሸከምሽም አላት። ከጎረቤቱ ግማሹ «ዛር ነው» አለ፤ ግማሹ «ስንፍና ነው»። ደበላ አዝሎ ሐኪሙ ዘንድ ወሰዳት።

ሐኪሙ እግሯን በመርፌ ጠቅ ጠቅ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረገና ብዙ ተናገረ። ተክለማርያም ግን «ምንም የለባትም» ብሎ ሸኛቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደበላ ከታመመች ወዲህ ይቀዳላት የነበረውን ውኃ መቅዳቱን ተወ። «ተነሺ እንጂ! ደህና ነሽ ተብሏል» ይላት ነበር። እሷም ግድግዳ ይዛ ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት ከወንዝ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች፤ ጭንቅላቷን ድንጋይ አገኘው። በማግስቱ ዐረፈች።

«ታዲያ ምን ነበር ያለው?» አለ ደበላ።

«‹እግሯ ላይ የማየው ነገር የለም፤ ሕመሟ ግን እውነት ነው። ከሐዘን ይሁን ከሥጋ አላውቅም። ሥራ አታስገድዳት፤ መልሰህ አምጣት› አለ። እኔ ሐዘኗን ካነሣሁ ‹ወንድሟን ማን ገደለው?› ብሎ እንዳይጠይቅ ፈራሁ። አሳጠርኩት።»

ሁለት ሰዎች፣ ደበላ ሊመታው ነው ብለው ብድግ አሉ። እሱ ግን ወደ ለቀስተኞቹ ዞረ።

«ሰማችሁ? አሟት ነበር። እየነገረችኝ ያላመንኳት እኔ ነኝ።»

የተሻለች እናት እማማ ደሜ ከማእዘኑ ሊነሡ ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ።

«ምነው እማማ?»

«እግሬ ደነዘዘ።»

ደበላ ፊታቸው ተንበረከከ። እግራቸውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከተረከዝ እስከ ጉልበት በመዳፉ ያሽላቸው ጀመር።

«ይበቃል ልጄ፣ ተሽሎኛል» አሉት ቆይተው።

እጁን አላነሣም።