ገጽ ሠላሳ አራት

የሆስፒታሉ መመሪያ ጸሐፊ በጋሼ ላይ ጥርሷን ከነከሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ጋሼ የራጅ ባለሙያ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው፣ ቃል ከአፋቸው በመከራ የሚወጣ ሰው። አዲሱ የኮምፒውተር አሠራር ከገባ ወዲህ እሳቸው ያነሷቸው ራጆች የት እንደሚገቡ አይታወቅም። ሐኪሙ የታካሚውን ፎልደር ሲከፍት ባዶ ነው። ሌሎቹ ባለሙያዎች ካነሱት ግን አንድም አልጠፋም። አርባ አንድ ራጅ! አንዲት እናትማ በዚሁ ጣጣ ሁለቴ ራጅ ለመነሳት ተገዳለች።

«አውቀው ነው» አለችው ለባሏ። «ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩ ከፊታቸው እንዲነሳ ነው የሚፈልጉት።»

«ኧረ ተያቸው፣ ግራ ገብቷቸው ይሆናል።»

«ምን ግራ ይገባቸዋል? ጽፌ ሰጥቻቸው የለም እንዴ!»

መጻፉንስ ጽፋለች። «እሜቴ ስላሽ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። የፎልደር አድራሻ ሁሉም እንዳሻው ሲጽፍ፣ አንዱ ስላሹን፣ ያቺን ዘንበል ያለች መስመር፣ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲያጋድም፣ አደብ ያስገዛቻቸው እሷ ናት። ደንቡንም መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍራዋለች፦ በቅንፍ ያለውን በትክክለኛው መረጃ ይተኩ፤ ቅንፍ የሌለውን እንዳለ ይጻፉ። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ጋሼ ሲጠየቁ «እንደተባለው አስቀምጫለሁ» ከማለት አያልፉም። እርጋታቸው ነው ይበልጥ ያናደዳት። ንጹሕ ሰው ይቆጣ የለ? ደግሞ ድንገት ስትገባ ወረቀት ወደ መሳቢያ ሲከቱ ሁለቴ አይታቸዋለች። ስለዚህ ትናንት ለዳይሬክተሩ ራጆቹን ሆን ብለው እያጠፉ ነው ብላ በድፍረት ጻፈች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠራሉ፤ ጡረታቸውን ሳያዩ ሊባረሩም ይችላሉ።

የቀራት ማስረጃ ነው። ለምሳ እስኪወጡ ጠብቃ ክፍላቸው ገባች። ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። ራጆቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ የታካሚዎቹ ፎልደሮች በየቁጥራቸው ተደርድረዋል፤ ከሁሉም ግርጌ ቁጥር የሌለው አንድ ፎልደር አለ። ከፈተችው። አርባ አንዱም ራጅ እዚያ ነው፣ አንድ ሳይጎድል።

«ያዝኩዎት!» አለች ለብቻዋ። ከዚያ የፎልደሩን ስም አነበበች፦ የታካሚው-ቁጥር።

ዕቃ የሚደብቅ ሰው እንዲህ ብሎ ይሰይማል? መሳቢያውን ሳበችው። ወረቀቱ የራሷ መመሪያ ነበር፤ ጠርዙ ከመገለጥ ብዛት ተበልቷል፣ በየመስመሩ ሥር በእርሳስ ተሰምሮበታል። ገጽ ሠላሳ አራት እንዲህ ይላል፦ ራጁን /ራጅ/የታካሚው-ቁጥር/ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ፎልደሩ ከሌለ ይክፈቱ።

«የታካሚው-ቁጥር» የሚለው ቅንፍ የለውም። በሌሎቹ ገጾች ሁሉ አድርጋ እዚህ ዘንግታዋለች።

ክው አለች። ጋሼ ቅንፍ የሌለውን እንዳለ ጽፈዋል፣ ልክ እሷ እንዳዘዘችው። ሌሎቹ ያልተሳሳቱት መመሪያውን ገልጠውት ስለማያውቁ ነው። በመላው ሆስፒታል የጻፈችውን ከልቡ ያነበበላት ሰው አንድ እሳቸው ነበሩ፤ የከሰሰችውም እሳቸውን ነው። በራሷ አፈረች።

እርሳሱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ። ሁለት የቅንፍ ጭረት ብታክልበት ማን ያውቃል? አነሳችው። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ ጋሼ። «ዳይሬክተሩ ጠርቶኛል። ምን አጥፍቼ እንደሆነ ሰምተሻል?»

እርሳሱን አስቀመጠች። «እርስዎ ምንም አላጠፉም ጋሼ። ይሄ ገጽ ስሕተት ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የከሰስኩዎትም እኔው ነኝ። አብሬዎት ገብቼ እናገራለሁ።»

ጋሼ አልተቆጡም። መመሪያውን ከእጇ ተቀብለው ገጹን ቆየት ብለው አዩት፤ ቀጥለው እሷን አዩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷ እሳቸውን ስታይ የከረመችበት ዐይን ነበር።

«እሺ» አሉ ወንበር ስበው። «እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ አለን። ከገጽ አንድ ጀምረሽ፣ ሌላ የተሳሳትሽው ካለ ንገሪኝ።»

ሌላ የለም ልትል ነበር፤ ግን መመሪያውን ከእጃቸው ተቀብላ ገጽ አንድን ገለጠች።