በሩ ነው የነዘረኝ

ሰው ሲያረጅ ቃሉም አብሮ የሚጃጅ ይመስላቸዋል። ፊደል አልቆጠርሁም፣ እውነት ነው። ግን የብረትን ንዝረትና የቁርጥማትን ለይቼ አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ የተከራየናት ቤት በሯ ብረት ነው። ከቆጣሪው የሚመጣው የመብራት ገመድ ላስቲኩ ተልጦ መቃኑን እየታከከ ያልፋል። ክረምቱ ሲገባ በሩ የነካውን ሁሉ ይነዝር ጀመር። አከራያችን ሸረፈዲን ደሴ ነው የሚኖረው። ደውዬ ነዘረኝ አልሁት። ሳቀና፣ እማማ ብዙዬ የሚነዝርዎ እጅዎ ነው፣ ብርድ ገብቶበት ይሆናል አለኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ረዳት እጅ ምን ቢልክልኝ ጥሩ ነው? የቁርጥማት ቅባት።

ይሁን ብዬ ዋጥሁት። ልጄ ራሂማ ግን እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገፍቷል። ከፋብሪካ ዝናብ እየመታት መጥታ በሩን ብትይዘው ወርውሮ ደጃፉ ላይ ዘረጋት። ሆዷን አቅፋ ስታቃስት አየሁ። ጽንሱ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ደግሜ ደወልሁ። እርጉዝ ሴት ያዞራታል፣ ውሃ ታብዛ አለኝ።

ያን ቀን ቆረጥሁ። እጀታውን በደረቅ ጨርቅ ጠቀለልሁና እስኪመጣልኝ ጠበቅሁት።

መጣ። ጎናችን ያለውን ክፍል ለአዲስ ተከራይ ሊያሳይ፣ ነጭ ሱሪውን ለብሶ፣ ሽቶውን ተርከፍክፎ። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር። የዐስር ሶላት ደርሷልና ለውዱእ ውሃ ይስጡኝ አለ። ማንቆርቆሪያውን በገዛ እጄ አቀረብሁለት። እሱ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲያጥብ፣ እኔ በሩን በጨርቁ ይዤ ዘጋሁና ጨርቁን ፈታሁት።

«መስገጃው ከውስጥ ነው፣ ግባ» አልሁት።

በባዶ እግሩ፣ ከክርኑ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እጀታውን ጨበጠ። ወላሂ እንደ ፍየል ነው የጮኸው። ወደ ኋላ ተሽቀንጥሮ ጭቃው ላይ በቂጡ ዘጭ አለ።

«ነዘረኝ» አለ።

«ብርድ ገብቶብህ ነው። ቅባቱ ሳይከፈት አለ፣ ላምጣልህ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አዲሱ ተከራይ በሩን አየት፣ ሰውየውን አየት አድርጎ ውልቅ ብሎ ሄደ። ሸረፈዲን ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ፣ ሊገድሉኝ ነበር እኮ አለኝ። ደንግጬ አፉ በለኝ የምለው መስሎታል። በሩ የወረወራት ልጄ ምን ነበረች፣ ድመት? ጫማውን ሲፈልግ ቀድሜ አንስቼ ብብቴ ስር ወሸቅሁት። የራሂማ መመለሻ ተቃርቧል።

«ስማኝ» አልሁት። «መብራት ሠሪ አሁን፣ እዚሁ ፊቴ ጥራ። ገመዱ ሳይነሳ ደሴ የለም። ሰውየው ከዘገየ ደግሞ በሩ ስር ቁም። ልጄ ስትመጣ የምትከፍትላት አንተ ነህ፤ በዚያው እጅህ።»