የማንም እናት ያላስተማረችው ቋንቋ

«መምጣቴን ለማንም እንዳትነግሪ፣ የብርጓል እቴ» አለች ጎረቤቷ ታየች፣ በጓሮ በር አጎንብሳ እየገባች።

የብርጓል በሩን ከኋላዋ ዘጋችላት። ባሏ እንዳላማው በንዳድ ሞቶ ከተቀበረ ዛሬ ሣልስቱ ነው። ለለቅሶተኛ የቀቀለችው ንፍሮ ድስቱ ውስጥ ቀዝቅዟል። ለቅሶ የደረሰችው ይህች አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም እንደ ሌባ ተደብቃ። በጎጃም ምድር ለተጣሉት ሰው እንኳ ይለቀሳል፤ ለባንዳ ግን አይለቀስም። ዛሬም ሰው ካልመጣ ባሏ ባንዳ እንደተባለ ሊቀር ነው፣ ልጆቿም የባንዳ ልጅ ተብለው ሊያድጉ። የብርጓልን ያንገበገባት ይኸው ነበር። ሞቱንስ እግዜር ያመጣው ነው።

«ምን አሉ ደግሞ?»

«ምን ይላሉ! ቄሰ ገበዙ እንኳ፣ አጸዱን ያተረፈልን ሚካኤል ፈረደበት ብለዋል አሉ።»

አጸዱ እንኳ እውነትም ተርፏል። ጣሊያን መንገድ ሊያወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ከሰፈረ ወዲህ ጽዱንና ወይራውን እየገነደሰ ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። አምና መስቀል ሲጠባ መጥረቢያው በድንገት ዝም አለ። አገሩ እልል ብሎ ለሚካኤል የስለት ጃንጥላ አስገባ።

እንዳላማው ያን ጊዜ የጣሊያኑ ሰፈር አስተርጓሚ ነበር። በልጅነቱ ከነጋዴ ጋር ምጽዋ ወርዶ የለቃቀማት ጣልያንኛ ነበረችውና በግድ ወሰዱት። ከዚያ አንድ ቀን እየሳቀ ተመለሰ።

«አባረሩኝ» አላት።

«ምን አጥፍተህ?»

«ሥራዬን በደንብ ሠርቼ ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን ጠምዶ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ሲያወራ ይውላል። «ቦናን ታጎን!» ይላቸዋል በሬዎቹን በጠዋት። ባንዳነቱ ሳያንስ አበደ ተባለ። የብርጓልም አንዳንዴ ሳይመስላት አልቀረም።

ውሻው ጮኸ። ታየች በበሩ ስንጥቅ አየችና ደረቷን መታች።

«በማርያም! የጣሊያን ሠራተኞች!»

አንድ ሐማሴን፣ አንድ ሶማሌ፣ አንድ የትሪፖሊ ዐረብ፣ አንድ ነጭ አናጢም ጭምር ራሳቸውን ገልጠው እያለቀሱ ግቢው ገቡ። ከኋላቸው የመንደሩ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው ተከተሉ። ከፊት መስቀላቸውን የጨበጡት ቄሰ ገበዝ ታረቀ ነበሩ። የብርጓል ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ለባሏ ስም የቀረ ነገር ቢኖር አሁን አለቀለት።

«ለወዳጃችሁ ነው የመጣችሁት?» አሉ ቄሰ ገበዙ። «እንግዲያማ ነገሩ ለየለት!»

«አዎን አባ፣ ለወዳጃችን ነው» አለ ባህታ የሚባለው የሐማሴን ሰው። «እኔም አስተርጓሚ ነበርሁ። እንዳላማው ከእንጀራዬ አፈናቀለኝ። ቢሆንም ላለቅስለት መጣሁ።»

ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡት።

«አንድ ትእዛዝ ከአለቃው አፍ ወጥቶ ቆፋሪው ጆሮ እስኪደርስ አራት አስተርጓሚ ቤት ይዞር ነበር» አለ ባህታ። «ለየቋንቋው አንድ ቤት፣ አንድ ማድ ቤት፣ ገበያ ላይም አዋጅ የሚለጠፍበት አንድ አንድ ሰሌዳ። እንጨቱ ከየት ይመጣል? ከእናንተ አጸድ! ይኸን ያየ እንዳላማው ነው። ‹ደኑን የፈጀው አለመግባባታችን ነው› አለን።»

ባህታ እንደነገራቸው፣ ከጣሊያኖቹ መሐል አንድ ቀያሽ ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ ያውቅ ነበር፤ የማንም እናት ያላስተማረችው፣ ሰው ሁሉ እኩል እንዲግባባበት የተሠራ። እንዳላማው ከእሱ ተምሮ በምሳ ዕረፍት ለየወገኑ ካቦ አስተማረ። ለበሬዎቹ የሚላት ‹ቦናን ታጎን›ም በዚያው ቋንቋ ‹መልካም ቀን› ማለት ኖራለች።

«ዐረብኛ ይሁን ቢባል እኔ እምቢ፣ ትግርኛ ይሁን ቢባል ይኸ የትሪፖሊው እምቢ» አለ ባህታ። « የማንም ስላልሆነ ማንም አልተኩራራበት። ሥራው ያለ እኛ አስተርጓሚዎች ሲሄድ አለቃው አየና ቤቶቹን አፍርሶ እንጨቱን ለድልድይ አዋለው። ከዚያ ወዲያ ዛፍ አልተቆረጠም። መጀመሪያ የተባረረው ራሱ እንዳላማው ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግረን?» አሉ ቄሰ ገበዙ። ድምፃቸው ሰልሏል።

«ሹማምንቱ ሰውን ያስማማብናል ብለው ያን ቋንቋ ይጠሉታል፤ ወሬው ቢወጣ ቀያሹ ይታሰር ነበር። አሁን ሰውየው አገሩ ገብቷል።»

ቄሰ ገበዙ መሬት መሬት አዩ። «ሚካኤል ሰው ልኮልን ኖሯል» አሉ። «እኛ ለላኪው ጃንጥላ፣ ለተላከው ስድብ!» ከዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ከግቢው ጥግ ካለው ጉብታ ላይ ወጡ።

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! አጸዱን ያተረፈው እንዳላማው ነው! ለቅሶውን ያልደረሰ ከእኔ ጋር ማኅበር አይጠጣም!»

አገሩ ተነቅሎ መጣ። ዱላው ሁሉ የፉከራ ሆነ፤ «ጎራዴ ሳይመዝ መጥረቢያ ያስጣለ!» እያሉ ወንዶቹ ዘለሉ። ታየች ከሁሉ በላይ ጮኻ አለቀሰች። የትሪፖሊው ሰው በራሱ ቋንቋ፣ ሶማሌው በራሱ ቋንቋ አለቀሱ፤ ለዚህስ አስተርጓሚ አላስፈለገም። የብርጓል በባሏ ሣልስት ደስ አላት። ቀና ብላ፣ ሰዉን ሁሉ ዐይን ዐይኑን እያየች ደስ አላት።

መቀመጫ ጠፋ። ወደ ቤት ገባችና እንዳላማው ይተኛበት የነበረውን ቁርበት ከመደቡ ላይ አንስታ ወጣች። ቄሰ ገበዙና ባህታ ቆመው ነበር፤ እግራቸው ሥር አነጠፈችላቸው። የባሏ ትከሻ ያርፍበት የነበረው ላይ ጠጉሩ ተመልጧል። በመዳፏ ዳበሰችው።

«ተቀመጡ» አለች፤ እጇን ግን ከዚያ ማንሳት አቃታት።