እጇ ተኝቷል

በእኛ አገር ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል። አባት ይኮራበታል፣ ጎረቤት ይቀናበታል። ሲስተር ይርገዱም እንዲህ ከሚያስቡት አንዷ ነበረች። አንድ የእርዳታ ማኅበር ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ በከፈታት ባለ ስምንት አልጋ የልጆች ክሊኒክ አሥራ ሰባት ዓመት መርፌ ወግታለች፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ "ዝም በል፣ አንተ ጎበዝ አይደለህ?" ስትል ኖራለች።

አምና ክረምት ለአሥር ቀን ሥልጠና ደሴ ተላከች። እዚያ አንዲት አስተማሪ "ታሞ የተኛ ልጅ መጀመሪያ ይጮኻል። የሚሰማው ሲያጣ ተስፋ ይቆርጣል። ከዚያ ዝም ይላል፤ እናንተ 'ተሻለው' ብላችሁ የምትጽፉት ያን ጊዜ ነው" አለች። ይርገዱ ስንቱን ዝምታ "ተሽሎታል" ብላ እንደጻፈች እሱ አንድዬ ይወቀው።

ሊቃውንት ስለ ልጅ እድገት ያሉትን በሰማያዊ ደብተር ገልብጣ ተመለሰች። ጡት የሚጠባ ልጅ ዓለምን በአፉ ያውቃል። ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ያለው ለድንጋዩም ለእንጨቱም ነፍስ ይሰጣል፤ ሕመሙንም የጥፋቱ ቅጣት አድርጎ ይቆጥረዋል። በአፉ ያልተናገረውን በጨዋታ ይናገራል። ይቺን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አስምራባታለች።

የክሊኒኩ ጤና መኮንን ሃሩን ሥራ አዋቂ፣ ቀልድ ወዳጅ ሰው ነው። ደብተሯን ይዛ ባያት ቁጥር "ፕሮፌሰር መጡ፣ ወንበር ልቀቁ!" ይላል። ትስቃለች። እንዲያውም ፕሮፌሰር መባሉ ትንሽ ደስ ሳይላትም አልቀረም።

ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ሞላ የሚባል የጎሽ ሜዳ ገበሬ የአምስት ዓመት ልጁን የኔአለምን ታቅፎ መጣ። ከአህያ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በላይ ተሰብሯል። ሃሩን አጥንቱን አቃንቶ ጀሶ አሠረላት። ጣቷ ቢያብጥ፣ ቀለሙ ቢለወጥ ቶሎ ንገሩን ማለት ነበረበት፤ በሩ ላይ ሰው ተደርድሮ ነበርና ሳይለው ቀረ።

ልጅቱ ከሰዓቱን ሙሉ ስትጮህ ዋለች። ሞላ በሰው ፊት አፈረ።

"ኧረ የኔአለም፣ ሰው ምን ይለናል? አሁን ይቺ ያሳደግናት ናት ይበሉን?"

ዓርብ ጠዋት ዝም አለች። ሞላም ፊቱ ፈካ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ዓይን እንዳይበላት እጇን እስከ ጣቷ በነጠላው ጠቅልሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ዛሬስ ተመስገን ነው ሲስተር። ጨዋ ሆናለች፣ ድምጿም የለ።"

"ወንድሜ፣ ይኼ ጨዋነት አይደለም" አለች ይርገዱ። "ልጅህ ቂም ይዛለች። ቆይ፣ እኔ አጫውታታለሁ።"

በእውነትም አጫወተቻት። ከጥጥና ከፋሻ አሻንጉሊት ሠራች፣ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ ሣለችላት፣ ቀኝ እጇንም እንደ ልጅቱ ጠቀለለችው። የኔአለም እስከ እኩለ ቀን ዞር ብላም አላየቻት። ስምንት ሰዓት ሲሆን በግራ እጇ ነካ አደረገቻት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቷ ላይ አስተኛቻት።

"ስሟ ማን ይባል?" አለች ይርገዱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ።

"እንቁ።"

"እሰይ! እንቁ ምን ሆና መጣች?"

"ከአህያ ወድቃ።"

"ውይ! ያማታል ታዲያ?"

ልጅቱ አሰብ አደረገች። "ትናንት ያማት ነበር። ዛሬ እጇ ተኝቷል።"

"እንዲያ ነው? እንቀስቅሰዋ!"

"አይነሳም" አለች የኔአለም። "እኔ ጠርቼዋለሁ እኮ።"

ይርገዱ በደስታ ፈነደቀች። ከጠዋት ጀምሮ የተዘጋ አፍ ተከፈተ፤ ያውም ልክ ደብተሩ እንደሚለው፣ ለእጁ ነፍስ ሰጥታ! "በይ እንግዲህ ደክሞታል፣ እናስተኛው" ብላ የአሻንጉሊቷን እጅ በቁራጭ ፋሻ ሸፈነችና እሹሩሩ አለችለት። ልጅቱም በቀጭን ድምፅ ተከተለቻት። ሞላ ሳቀ፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎችም ሳቁ። ይርገዱ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ "አምስት ዓመት። ለእጅ ነፍስ ሰጠች። ልክ እንደተማርነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሲቀባበሉ ወሬውን እያጣፈጠች ነገረቻቸው። ሃሩን በሳቅ ፈረሰ።

"እጁም አልጋ ያዘ በሉዋ! ካርድ ይውጣለት!"

የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ዘሊካ በሩ ላይ ወለል ትወለውል ነበር። አልሳቀችም። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

"ሲስተርዬ፣ የማን እጅ ነው የተኛው?"

"የአሻንጉሊቷ ነዋ።"

"የጥጥ እጅ ከመቼ ወዲህ ነው ነቅቶ የሚያውቀው?" አለች ዘሊካ። "ወላሂ፣ ይቺ ልጅ የምታውቀው አንድ እጅ ነው። የራሷን።"

ይርገዱ እንዴት አልጋው ዘንድ እንደደረሰች አታውቅም። ነጠላውን ገለጠችው። ከጀሶው የወጡት አምስት ጣቶች አብጠዋል፣ የዝናብ ደመና መስለዋል። ጨበጠቻቸው፤ ይቀዘቅዛሉ። በመርፌ ጫፍ ወጋ አደረገቻቸው። የኔአለም መርፌውን በዓይኗ እያየች ዝም አለች። ያ ሁሉ መርፌ በወጋችበት ዘመኗ ያልጮኸ ልጅ እንዲህ አስፈርቷት አያውቅም።

ሃሩን ጀሶውን በሁለት ትንፋሽ ቀደደው። ከዚያ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚልካትን ሪፈር ጻፈ። አምቡላንሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

"ፈርሚ" አላት።

አነበበችው። "ወደ ክሊኒኩ ከመምጣቷ በፊት በባህል ወጌሻ ታሽታለች" ይላል። ሞላ ሐሙስ ዕለት፣ ባልቴቷ እማሆይ በዛች መንገድ ላይ አግኝታቸው ቅቤ እንደቀባቻት ተናግሮ ነበር። ቀባች እንጂ አላሸች፣ አላሰረች።

"ሃሩን፣ ይኼ..."

"መኪናው ቆሟል ሲስተር!"

ፈረመች።

ማክሰኞ ደሴ ላይ የየኔአለም ቀኝ እጅ ከክርኗ በታች ተቆረጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ሞላ ብቻውን መጣ። ደሴ ላይ ሰው ሠራሽ እጅ የሚሠሩ ስላሉ፣ የልጅቱን ካርድ ግልባጭ አምጣ ብለውታል። ይርገዱ ግልባጩን ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለ።

"እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎስ ልጄን አሳቁልኝ። ያችን ባልቴት ግን እሱ ይፍረድባት። ወረቀቱን ደሴ ሲያነቡልኝ እኮ ነው የሰማሁት። አሁን ደጇን የሚረግጥ የለም። ከጽዋ ማኅበሩም አስወጥተናታል።"

ይርገዱ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ኑዛዜ እንባ ይቀድመዋል ይባላል፤ የሷ ግን ደርቆ ነው የወጣው።

"ሞላ፣ እማሆይ አይደሉም። ጀሶው ጠብቆባት ነው። እጇ መተኛቱን ደግሞ ለእኔ ነግራኛለች። እዚያ አልጋ ላይ፣ አንተም እየሰማህ። እኔ ጨዋታ መሰለኝ።"

"ይኼንን ይጻፉልኝ" አለ ሞላ። "እኛ ሰፈር የሚታመነው ወረቀት ነው።"

ጻፈችለት። ማኅተሙ ያለው ሃሩን ዘንድ ነው፤ ሃሩን ወረቀቱን አንብቦ ሳያትምበት መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "እኔም ልጆች አሉኝ፣ ሲስተር" አለ። ቀልድ አላመጣም።

"ማኅተም የለውም" አለ ሞላ ወረቀቱን አገላብጦ።

"እንግዲያው እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ።"

"ይቅርብዎ። እርስዎ ቢመጡ ሁሉም ይምርዎታል። 'የተማረች ሆና ጥፋቷን አመነች' ብለው ይመርቁዎታል። እሷን ማን ማራት?"

ይርገዱ ግን ነጠላዋን አነሳችና ተከትላው ወጣች። ሚኒባሱ ላይ ገፋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ጎሽ ሜዳ ሲወርዱ የእማሆይ በዛችን ቤት በእጁ አሳያትና ወደ ራሱ ቤት ታጠፈ።

ባልቴቷ ደጇ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ብቻዋን የከረመ ሰው አቀማመጥ አላት። ይርገዱ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ አሻንጉሊቷን፣ እሹሩሩውን፣ ፊርማዋን። "ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት እናገራለሁ፣ እማሆይ" አለች።

እማሆይ በዛች ቀና ብላ አየቻት። ስለ ማኅበሩም፣ ስለ ስሟም የምትጠይቅ መስሏት ይርገዱ መልስ አዘጋጅታ ነበር።

"የተቆረጠው የትኛው ነው?" አለች ባልቴቷ።

"ቀኙ።"

እማሆይ ምስሯን ከጭኗ አወረደች።

"አዬ ልጄን! እንግዲህ በግራዋ ልታማትብ ነዋ።"