የዩኒሻ ግራ እጅ

ከነጋ ጀምሮ ሂራ ማያ መቀመጥ አቅቷቸዋል። ይነሳሉ፣ በመስኮቱ የፓታን ከተማን መንገድ ያያሉ፣ ተመልሰው ከልጅ ልጃቸው ፊት ቁጭ ይላሉ። ዩኒሻ በአምስት ሰዓት በካዚኖው ቁማር ቤት ውስጥ ለካርታ አዳይነት ትፈተናለች። ባለፈው ወር ወድቃለች፤ ሦስተኛ ዕድል የለም።

የወደቀችው በጨዋታው አይደለም። ለአሸናፊ ስትከፍል ግራ እጇ ሳታስበው ሄዶ የቀኝ ክንዷን ይደግፋል። ለታላቅ ሰው የሚሰጠው እንዲያ ነው። በአምስት ዓመቷ በእንጨት ማንኪያ እጇን መታ እያደረጉ ያስለመዷት ሂራ ማያ ራሳቸው ናቸው። ካዚኖ ቤት ግን እጁ ወደ እጅጌው የሄደ ሰው ሊሰርቅ ነው ይባላል።

ምንጣፉ ላይ ካርታው ተዘርግቷል። ጨዋታው ሃያ አንድ መሙላት ነው፤ አስር ቁጥሮቹ ሁሉ በሕጉ መሠረት ከካርታው ወጥተዋል። ገንዘቡ ባቄላ ነው።

"አጂ፣ ሁለት ባቄላ አስይዘዋል። በአራት ካርታ አሥራ አራት ሞልቶልዎታል። ይቆማሉ ወይስ ልጨምር?" አለች ዩኒሻ፤ አያቷን አጂ ነው የምትላቸው።

"ጨምሪ እንጂ! ምን ታስፈራሪኛለሽ?"

ሰባት ወጣ።

"ሃያ አንድ! ተራ ሃያ አንድ ቢሆን ለሁለቱ ሁለት ነበር። በአምስት ካርታ ስለሞላ ሦስት እከፍላለሁ። በስድስት ቢሆን አራት።"

"ሦስት ሰባት ቢመጣልኝስ?"

"ሦስት። ምልክታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ አራት።"

"አንቺም ሃያ አንድ ብታመጪ?"

"እርስዎ ይበልጣሉ። እዚህ ጨዋታ ላይ የተጫዋች ሃያ አንድ አይሸነፍም።"

"ታዲያ የካዚኖው ባለቤት በምን ይከብራል?"

"አስሮቹን አውጥቶብዎት!"

ሦስቱን ባቄላ ስትገፋ ግራ እጇ ወደ ክንዷ ሄደ። በአያቷ እጅ ያለው የእንጨት ማንኪያ ጧ አለባት።

"ወይኔ፣ አጂ!"

"የፈታኙ ከዚህ ያማል።"

"ምን ላድርግ? ሽበት ሳይ እኮ ነው የሚመጣብኝ!"

ሂራ ማያ ተነሱ፣ ዞር ዞር አሉ፣ ተቀመጡ። ከዚያ በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ሁለት እግራቸውን እንደ ባለጌ በልጅቷ ፊት ዘረጉ።

"ከእንግዲህ አያትሽ አይደለሁም። ሰካራም ነኝ! ክፈይ አንቺ! እጅሽ ምን ተንቀረፈፈ?"

ዩኒሻ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ከፈለች። ግራ እጇ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ደገሙት። እስኪደክማቸው ደጋገሙት።

ለመልካም ዕድል የተቀቀለ እንቁላልና የደረቀ ዓሣ አጉርሰው ሸኟት። ካዚኖው ያገሬውን ሰው ለጨዋታ ስለማያስገባ ተከትለው ማየት አይችሉም። ታመመች ይሆን? እጇ ከዳት ይሆን? የማይነካ ዕቃ ነኩ፣ የተጠረገ ወለል ጠረጉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተበረገደ።

"አለፍኩ አጂ! ያስፈተኑኝ ነጭ ጸጉር ያላት ሴትዮ ፊት ነበር። እግሯን እንደ ዘረጋች አድርጌ አሰብኳት!"

ከቦርሳዋ ጣፋጭ አውጥታ ዘረጋችላቸው። በአንድ እጇ። ግራው ከጎኗ ተንጠልጥሏል።

የሂራ ማያ ዓይን ማንኪያውን ፈለገ። ጣፋጩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ተመለሱ።

"ዩኒሻዬ፣ ነገ አጎትሽ ሲመጡ ግን ..." ብለው ጀመሩ።

"ምን አጂ?"

"ምንም። ብይ አንቺም።"

ሥራውን እስክትለምድ ይሁን አሉ በሆዳቸው። ከዚያ ደግሞ፣ እጇ እንደዚያው ለምዶ ቢቀርስ? ብለው እንደገና ተነሱ።